ድምፁ ወዲያ፥ ጠሪው ወዲህ

ነገር ወደ ሰው ልብ የሚገባባቸው ሁለት በሮች አሉ፤ አንደኛው ዓይን ነው፥ ሁለተኛው ጆሮ ነው። ሰው በዓይኑ በር የሚገባውን ነገር ብዙ ጊዜ ይመረምረዋል፤ መልኩን ይለያል፥ መጠኑን ይገምታል፥ ርቀቱንም ይለካል። በጆሮው በር የሚገባውን ግን ሳይመረምር የሚቀበልበት ጊዜ ይበዛል። ድምፁ የሚያውቀው ድምፅ፥ ቃሉም የሚወደው ቃል የሆነ እንደ ሆነ ተነሥቶ ይሄዳል። የሚጠራኝ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይታጣም፤ የሚጠራኝ ሰው ራሱ የት ተቀምጧል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጆች ሳስተምር ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌው አላውቅም። የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያስተማረኝም የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ያስተማረበትም ምሳሌ በአሜሪካ አገር የሚደረግ የአውሬ አደን ነው። አደን ከግብረ ገብ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የኖርሁት በካዛንቺስ ነበር። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ «ካዜ» ማለት ቤቶች ማለት ሲሆን፥ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው የጣልያን መሥሪያ ቤት ስም ምሕፃር ነው። ሰፈሩ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። በአቅራቢያው የአፍሪካ አዳራሽ አለ፥ ሂልተን ሆቴልም አለ፤ ቀን ቀን መኪናውና ሰዉ የሚተራመስበት ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ሌሊት ሰዉ ሲተኛ በቀበና ወንዝ ሸለቆ በኩል የጅብ ድምፅ ይሰማ ነበር። በ2006 ዓ.ም. በሂልተን አቅራቢያ መጠለያ ከሌላት እናት ሕፃን ጅብ ነጥቆ እንደ ገደለ በዜና ተነግሯል። በዚያም ጊዜ ተኳሾች ተሰማርተው በከተማዪቱ መካከል ጅቦች ተገደሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ የጅብ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያቺ እናት ትታወሰኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፥ በነሐሴ ወር፥ አንድ እንግዳ ወደ ቤቴ መጣ። በሩን ከፍቼ ባየሁት ጊዜ አላወቅሁትም፤ ጠጉሩ ሸብቷል፥ ሰውነቱም ወፍሯል። «ጋሼ፥ አላወቁኝም?» ባለኝ ጊዜ ግን በድምፁ ዐወቅሁት። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ አስተምሬው ነበር። ሳይታሰብ ከአገር ወጥቶ፥ በሱዳን በኩል አልፎ፥ በመጨረሻ አሜሪካ ገብቷል። በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ የጭነት መኪና ይነዳል። በዕረፍቱ ቀን ደግሞ በግ ወደሚያረባ ወዳጁ እርሻ እየሄደ አውሬ ያድናል።

ባለቤቴ ሣር ጎዝጉዛ፥ ዕጣን አጢሳ ቡና አፈላች። መሽቶ ስለ ነበር ከሸለቆው ጅብ ጮኸ። እንግዳዬ ሲኒውን እንደ ያዘ አዳመጠና፥ «እኔ ባለሁበት አገር እንዲህ ያለውን ጩኸት እኛ ነን የምንጮኸው» ብሎ ሣቀ። ነገሩ አልገባኝምና እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት።

በዚያ አገር ካዮቲ የሚባል አውሬ አለ። ከተኩላ ያንሳል፥ ከቀበሮ ግን ጥቂት ይበልጣል። ከአላስካ እስከ ፓናማ ድረስ ይገኛል፤ ምድረ በዳም ቢሆን ትልቅ ከተማም ቢሆን አይከብደውም። የበግ ግልገል ስለሚፈጅ በግ አርቢዎች ይጠሉታል፤ ነገር ግን አፍንጫው ስል፥ ዓይኑ ንቁ፥ ጠባዩም ተጠራጣሪ ስለ ሆነ ተከታትሎ ማግኘት አድካሚ ነው። ስለዚህ አዳኙ እርሱን ፍለጋ አይሄድም፤ እርሱ ራሱ እንዲመጣ ያደርገዋል እንጂ። ቀድሞ በአፍ በሚነፋ ፉጨት፥ ኋላ በሸክላና በካሴት፥ ዛሬ ደግሞ ብዙ ድምፅ በሚይዝ የኤሌክትሮኒክ መጥሪያ ይጠራዋል። መጥሪያው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። የተያዘች ጥንቸል ጩኸት፥ የወፍ ጩኸት፥ ወይም የካዮቲ ቡችላ የጭንቅ ድምፅ ያወጣል። አዳኙ ከሩቅ ሆኖ በሪሞት ያዝዘዋል።

«ጀማሪ አዳኝ ትልቁ ነገር ድምፁ ይመስለዋል፤ ዋጋ ከፍሎ ጥሩ መጥሪያ ይገዛና ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ይጠብቃል። ምንም አይመጣለትም። ትልቁ ነገር ድምፁ አይደለም፤ አቀማመጡ ነው» አለኝ።

እንዴት እንደ ሆነም በረከቦቱ ላይ አሳየኝ። አንዱን ሲኒ አነሣና፥ «ይህ መጥሪያው ነው» አለ። ማንኪያውን ደግሞ ከሲኒው አርቆ አኖረና፥ «ይህ እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎም፥ «ከሁሉ በፊት ነፋሱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጋሼ፥ የዕጣኑን ጢስ ይመልከቱ» አለኝ። ጢሱ በመስኮቱ በኩል ከሚገባው አየር ጋር ወደ በሩ ያዘነብል ነበር። መጥሪያው የሚቀመጠው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው፤ ከአዳኙም አርባ ወይም ስድሳ ርምጃ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይርቃል። ካዮቲው ድምፁን ሰምቶ ሲመጣ በቀጥታ የሚሮጥበት ጊዜ አለ፤ ጠንቃቃ የሆነው ግን በዙሪያው ይዞርና የድምፁን ባለቤት በአፍንጫው ለማወቅ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ያልፋል። አዳኙም ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ፥ አውሬው ሊያሸት ሲዞር የግድ በፊቱ የሚያልፍበትን ስፍራ መርጦ ይቀመጣል። አውሬው የአዳኙን ሽታ የሚያገኝበት መሥመር ላይ ከመድረሱ በፊት በጠመንጃው ፊት ይገኛል ማለት ነው።

ሌላም ሥርዓት አለው። መኪናው ከኮረብታ ጀርባ ይቆማል፤ አዳኙ በሩን ሳያንኳኳ ዘግቶ በእግሩ ይሄዳል። መጥሪያው ድምፁ እንዲደርስ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በጉቶ ወይም በቁጥቋጦ ላይ ይቀመጣል። አዳኙ ግን ዝቅ ብሎ፥ ጀርባውን ለዛፍ ወይም ለድንጋይ ሰጥቶ፥ በጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ከኋላው ብትሆን ይመርጣል። አውሬው ቅርብ ቢሆን እንዳይደነግጥ ድምፁን በቀስታ ይጀምራል፤ ቆይቶም ከፍ ያደርገዋል። አንዳንዱ በመጥሪያው አጠገብ የሚንቀሳቀስ ጨርቅ ወይም ላባ ያቆማል። ሩብ ሰዓት ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ ይጠብቃል። ካዮቲው ሲደርስ ዓይኑን ድምፁ በሚወጣበት ስፍራ ላይ ተክሎ ይቀራል።

«ለዚህ ነው መጥሪያው የሚርቀው፤ እኔን እንዳያይ ነው። ዓይኑ ከድምፁ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ከድምፁ ጋር የለሁም» አለኝ።

ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ድምፅ የትኛው እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፥ «ቡችሎች በሚያድጉበት ወራት የቡችላ ጩኸት ነው፤ እናቲቱም አባትየውም ይመጣሉ» አለኝ። ደግሞም፥ «አንድ ጊዜ ተተኩሶበት የዳነውን አዳኞች የተማረ ካዮቲ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ያንን ድምፅ በሰማ ጊዜ ይሸሻል እንጂ አይመጣም» ብሎ ጨመረ።

እኔ አዳኙን አልነቅፍም። በጉን የሚጠብቅ ሰው አውሬውን ማታለሉ ከጥንት የነበረ ነው፤ ወጥመድም፥ ጉድጓድም የማታለል ዘዴ ነው። ነገር ግን በረከቦቱ ላይ በሲኒውና በማንኪያው መካከል የነበረው ባዶ ስፍራ ከልቤ አልወጣ አለ።

ሐረር የሄደ ሰው እንዳየው፥ በዚያ የጅብ ቀላቢዎች አሉ። ማታ ከከተማው ግንብ ውጭ ተቀምጠው ጅቦችን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ጅቦቹም ከጨለማ ወጥተው ከእጃቸው፥ አንዳንዴም በጥርሳቸው ከያዙት እንጨት ላይ ሥጋ ይበላሉ። በዚህ ስፍራ ድምፁና ጠሪው አንድ ላይ ናቸው፤ የተጠራው ሲደርስ የሚያገኘው የጠራውን ሰው ራሱን ነው፤ የተጠራበትንም ነገር ያገኛል። ደግሞ ጅብን ለመቁጠር በድምፅ የሚጠሩ ተመራማሪዎች አሉ። በአገራችንም በትግራይ ይህ ዘዴ ተሠርቶበታል። ሌሊት ድምፅ ማጉያ ብዙውን ጊዜ በመኪና ጣራ ላይ ያቆሙና የጭንቅ ጩኸት ወይም የጅቦች ጠብ ያሰማሉ፤ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር የሰማ ጅብ ይመጣል፥ እነርሱም ይቆጥሩታል። ጅቡ ሥጋ ባያገኝም ጠሪዎቹ እዚያው ከድምፁ በታች በመኪናቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጉዳትም አያደርሱበትም።

እንግዲህ መሣሪያው በሦስቱም ድምፅ ነው። ልዩነቱ በድምፁና በጠሪው መካከል ያለው ርቀት ነው። በቀላቢው ዘንድ ርቀት የለም፤ በቆጣሪው ዘንድም የለም። በአዳኙ ዘንድ ግን ስድሳ ርምጃ አለ። ጥሪ ለመልካም ወይም ለክፉ መሆኑን ከድምፁ ጣዕም ማወቅ አይቻልም፤ የቡችላው ጩኸት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነውና። ርቀቱን በመለካት ግን ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል።

ይህን ሁሉ እያሰብሁ ሳለሁ፥ ወጉን ለመቀጠል ያህል፥ «ልጄ፥ ይህን ጥበብ ከማን ተማርኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሲኒውን ወደ ቦታው መለሰና ወደ መሬት እያየ፥ «ጋሼ፥ አይቆጡኝ። መጀመሪያ ያየሁት በእኛ ትምህርት ቤት ግቢ ነው» አለኝ።

እኔም ምን ማለቱ እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ።

ጊዜው 1981 ዓ.ም. ነበር። በየካቲት ወር በሽሬ ግንባር የመንግሥቱ ጦር ተሸንፎ፥ ለጦርነቱ ወጣት በየሰፈሩ ይፈለግ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ግዴታ በ1975 ዓ.ም. የታወጀ ሲሆን፥ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ነገሩ አፈሳ ሆኖ ነበር። እኔ በዚያ የወረዳ ከተማ ምክትል ዲሬክተር ነበርሁ። በመጋቢት ወር አንድ ዓርብ ማታ አንድ ሹም ወደ ቤቴ መጣና፥ «ነገ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጥራልን፤ የመልቀቂያ ፈተና ካርድ ይታደላል በላቸው» አለኝ። ካርዱ ገና እንዳልመጣ ዐውቅ ነበር፤ ቢመጣ የምረከበው እኔ ነበርሁና። እናንተው ለምን አትጠሯቸውም አልሁት። «ልጆቹ የሚያምኑት ያንተን ድምፅ ነው» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጉብታ ላይ ቆመህ ተጣራ ብሎ የእጅ ድምፅ ማጉያ ሰጠኝ። እኔም ቆሜ ተጣራሁ። ከግቢው በስተኋላ፥ ከባሕር ዛፉ ጥላ ውስጥ፥ ሁለት የጭነት መኪናዎች ቆመው ነበር። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር የጎማቸውን ፋና በጭቃው ላይ አይቼ ነበር። ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ አላወቅሁም ብል ግን ሐሰት ነው።

አርባ አንድ ተማሪዎች መጡ። የታጠበ ልብስ ለብሰው፥ አንዳንዶቹም ለካርዱ ፊርማ እስክሪብቶ ይዘው ነበር። ሴቶቹንና ትንንሾቹን ለይተው ከለቀቁ በኋላ አሥራ ሰባቱን ጭነው ወሰዷቸው። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን የተመለሱት ስድስት ናቸው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ቅዳሜ በገበያ ውስጥ የአንዱ ልጅ እናት አገኙኝ። ቅቤ ይሸጡ ነበር። አልሰደቡኝም፥ አልረገሙኝም። «መምህር፥ ልጄ እኮ ተደብቆ ነበር፤ የእርስዎን ድምፅ ሲሰማ ነው የወጣው» አሉኝ። ይህን ብለው ፊታቸውን ቅቤ ወደሚገዛ ሌላ ሰው መለሱ። ይህ ቃል በማስተምርባቸው ዓመታት ሁሉ ከእኔ ጋር ኖሯል፤ ለባለቤቴም እንኳ አልነገርኋትም ነበር።

አሁን እንግዳዬ የራሱን ነገር ነገረኝ። በዚያ ቅዳሜ እርሱም ድምፄን ሰምቶ ተነሥቶ ነበር። ግን የትምህርት ቤት መዋጮ ስላልከፈለ ዘበኛው እንዳይዘው በበሩ አልገባም፤ በወንዙ ዞሮ በግቢው ጀርባ መጣ። ነፋሱ ከባሕር ዛፉ ወደ እርሱ ይነፍስ ነበርና የናፍጣና የሲጃራ ሽታ አመጣለት። በትምህርት ቤታችን መኪና ቆሞ ስለማያውቅ ደነገጠና ከፈሳሹ ዳር ተኛ። ከዚያም ሁሉን አየ። ጓደኞቹ በፊቱ ሲያልፉም አያቸው።

«ብጮህ ኖሮ አሥሩ ያመልጡ ነበር፤ አልጮህሁም። እርስዎ ድምፅዎን ሰጡ፥ እኔ ድምፄን ዋጥሁ። ከሁለታችን የማን እንደሚብስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም» አለኝ።

ባለቤቴ ሦስተኛውን ቡና መቅዳት ትታ ታዳምጥ ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ዕጣኑም አልቆ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ምሽት የተረዳሁትን ልንገርህ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ራሴን አስብ የነበረው እንደ ተገደደ ሰው ነበር። ሹሙ አዘዘኝ፥ ወታደሩ ወሰዳቸው፥ እኔ ጠራሁ እንጂ ምን አደረግሁ እል ነበር። ለካስ መጥሪያውም እንዲሁ ሊል ይችላል፤ እኔ ጮህሁ እንጂ አልተኮስሁም ይላል። ዳሩ ግን መጥሪያው ዕቃ ስለ ሆነ ጥፋት አይቆጠርበትም። ሰው ግን ነፋሱን ያውቃል፥ የጎማውን ፋና ያያል፥ ካርዱ አለመምጣቱንም ያውቃል። አዳኙ በጥላ መቀመጥ የሚችለው ድምፁን በጉብታ ላይ የሚያቆምለት ሲያገኝ ነው። ድምፁን ያዋሰ ሰው ያዋሰው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በእርሱ ላይ ያላቸውን እምነት ጨምሮ ነው ያዋሰው። እምነቱ ደግሞ የእርሱ ገንዘብ አልነበረም፤ የልጆቹ አደራ ነበር እንጂ።

ጥፋቱም በአሥራ ሰባቱ ላይ አልቆመም። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል የክፍሎቹ ግማሽ ባዶ ነበር። ልጆቹ የተማሩ ካዮቲዎች ሆነው ነበር። ያ ደወል እውነተኛ የትምህርት ደወል ነበር፤ ግን ማን ያምናል? እናቶች ልጆቻቸውን በጎተራ ይደብቁ ነበር። ሐሰተኛ ጥሪ የሚጎዳው በዚያ ቀን የመጡትን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚጠራውን እውነተኛ ጥሪ ሁሉ ይገድለዋል። በአገራችን ሰው መልካም ነገር ሲነገረው የሚጠራጠረው ክፉ ሆኖ ስለ ተፈጠረ አይደለም። ስንት ጊዜ ተጠርቶ ስንት ጊዜ ተተኩሶበታል?

አንድ ድምፅ ማጉያ ባለቤት ሲለውጥም ያየን ሰዎች ነን። ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ብሥራተ ወንጌል የተባለውን ራዲዮ እንሰማ ነበር። የሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን ያቆመው ይህ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1955 ዓ.ም. ነበር። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት መንግሥት ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ራዲዮናችን ያው ነበር፤ ጠሪው ግን ሌላ ሆኖ ነበር። ከዚህ የምንማረው የትኛውም ድምፅ ትናንት የታመነ ስለ ሆነ ብቻ ዛሬ ሳይመረመር የሚታመን አለመሆኑን ነው።

ዛሬ ደግሞ በድምፁና በጠሪው መካከል ያለው ርቀት ስድሳ ርምጃ አይደለም፤ ባሕር ተሻግሯል። ስልክ ይደወላል፤ ዕጣ ደርሶዎታል፥ ይህን ቁጥር ንገሩን ይላል። ወይም ልጅዎ ታሟል፥ ገንዘብ ላኩ ይላል፤ ይህ የቡችላው ጩኸት ነው። የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር መሣሪያም ተሠርቷል። ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር እንወስዳለን የሚሉ ደላሎችም ራሳቸው አይጠሩም፤ የጎረቤት ልጅ፥ የትምህርት ቤት ጓደኛ ያስጠራሉ፥ የወርቅ ሐብል ያደረገች ተመላሽ ያሳያሉ። ወርቁ በመጥሪያው አጠገብ የሚወዛወዘው ላባ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178 በ2012 ዓ.ም. በሰው የሚነግዱትን ለመቅጣት ወጥቷል፤ ግን ዳኛ የሚያገኘው የተያዘውን ነው፥ በጥላ የተቀመጠውን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከሕጉ በፊት ጆሮአችንን ማስተማር ይገባናል።

ለሚጠራ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ድምፅህ ባለበት ስፍራ ራስህ ተገኝ። ልጅህን ና ባልኸው ስፍራ ቁም፤ ሕዝብን ወደ ጠራህበት መከራ አንተም ግባ። ሌላ ሰው ድምፅህን አውሰኝ ባለህ ጊዜ፥ «አንተስ የት ትቀመጣለህ?» ብለህ ጠይቀው። በጥላ እቀመጣለሁ የሚልህ ወይም መልስ የማይሰጥህ ከሆነ፥ ድምፅህን ከልክለው፤ ብትፈራም ከልክለው። እኔ የፈራሁት ፍርሃት አንድ ወር እንኳ አልቆየም፤ ጸጸቱ ግን ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈው።

ለሚጠራም ሰው ምክር ካለኝ፥ ለተጠራ ሰውም አለኝ። ከመሄድህ በፊት ዙር። ድምፁን ብቻ አትይ፤ በድምፁ ዙሪያ ያለውን አሽትት። የተባለው ነገር በዚያ አለን? የሚጠራኝ ሰው እኔ ብሄድ ምን ያገኛል? እኔ ስጎዳ እርሱ አብሮኝ ይጎዳልን? ብለህ ጠይቅ። አባታችን ይስሐቅም ድምፁን ከተጠራጠረ በኋላ እጁን ዳሰሰ፤ እጁም ስላታለለው በረከቱን ሰጠ። እንግዲህ አንድ መመርመሪያ አይበቃም፤ ብዙ ያስፈልጋል። ደግሞም ዞረህ አደጋውን ያየህ እንደ ሆነ፥ አንተ ስለ ዳንህ ብቻ ዝም አትበል፤ ጩህ። ይህን ምክር የጨመረልኝ እንግዳዬ ነው።

ወደ አሜሪካ ከመመለሱ በፊት ሁለታችን ወደዚያ ወረዳ ከተማ ሄድን። የአንድ ቀን መንገድ ነው። ቅቤ ይሸጡ የነበሩት እናት በሕይወት ነበሩ፤ አርጅተዋል፥ በልጃቸው ልጅ ቤት ተቀምጠዋል። እኔም ከአጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፥ ካርዱ እንዳልመጣ ዐውቅ እንደ ነበር፥ የጎማውንም ፋና አይቼ እንደ ነበር ነገርኋቸው። እንግዳዬም ከፈሳሹ ዳር ተኝቶ ልጃቸው ሲያልፍ ማየቱን ነገራቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፥ «ያን ጊዜም ዐውቄዋለሁ፤ ከአፍዎ እስክሰማው ነበር የምጠብቀው» አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም በሉኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ልጁ ምን ለብሶ እንደ ነበር ጠየቁን። ነጭ ሸሚዝ እንደ ነበር ተማሪዬ ያስታውስ ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ፥ በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ፥ ቤታችን ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ። አሁን በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። የጅብ ድምፅ አልሰማም፤ የምሰማው የመኪናና የማሽን ድምፅ ነው። ሲነጋ ሲነጋ ግን በአቅራቢያችን የትምህርት ቤት ደወል ይደወላልና፥ በወለጋ የነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤታችን ደወል ትዝ ይለኛል። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ ነበር። የሚደውለው አስተማሪያችን በክረምት ሁላችን እስክንደርስ ድረስ ከደወሉ ሥር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኛ በስብሰን ስንደርስ እርሱም በስብሶ እናገኘው ነበር። ያን ጊዜ ምን እንደሚያስተምረን አላወቅሁም ነበር፤ ዛሬ ግን ከትምህርቱ ሁሉ የሚበልጠው ያ እንደ ነበር ዐውቃለሁ።